አዲስ በተጫነ ሊኑክስ ላይ ሪዞሉሽኑ ከ1024 በ768 አልወጣ አለኝ

ጥያቄ፦ አዲስ ገቢ

ጤና ይስጥልኝ። በዴስክቶፕ ኮምፒውተሬ ላይ ከደቢያን ቤተሰብ የሆነ የሊኑክስ ስርጭት አዲስ ጭኜ ሥራ ለመጀመር ስሞክር የስክሪኑ ሪዞሉሽን እንቅፋት ሆኖብኛል። ዋናው ሞኒተሬ በኤችዲኤምአይ ኬብል የተገናኘ ሲሆን የራሱ ሪዞሉሽን 1920 በ1080 ነው፤ ሲስተሙ ግን የሚነሣው በ1024 በ768 ብቻ ነው። ጽሑፉ ወደ ጎን የተለጠጠና የደበዘዘ ነው፣ ክብ መሆን ያለበት ምልክት ሞላላ ሆኖ ይታያል፣ አንዳንድ የቅንብር መስኮቶችም ቁመታቸው ከስክሪኑ ስለሚበልጥ ከታች ያሉት ቁልፎች ከእይታ ውጪ ይቀራሉ። የማሳያ ቅንብሩን ስከፍት በሪዞሉሽን ዝርዝሩ ውስጥ የማገኘው አንድ ምርጫ ብቻ ነው፤ እሱም ይኸው 1024 በ768 ነው።

ከዚሁ ጋር የሚገናኙ የሚመስሉኝ ሌሎች ምልክቶችም አሉ። ቪዲዮ ስከፍት ምስሉ እየተቆራረጠ ፕሮሰሰሩ ሙሉ በሙሉ ይያዛል፣ ማራገቢያውም መጮኽ ይጀምራል። ሪዞሉሽኑ 1680 በ1050 የሆነ ሁለተኛ ሞኒተርም አለኝ፤ ከኮምፒውተሩ የዲስፕሌይፖርት ሶኬት ተነሥቶ በአዳፕተር ወደ ቪጂኤ ተቀይሮ የሚገናኝ ነው፤ ሲስተሙ ግን መኖሩንም አያውቅም። ግራፊክሱ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራ የኢንቴል ነው። ስጭን የተከተልኩት መመሪያ ስክሪኑ እንዳይጠቁር በመነሻው መስመር ላይ ኖሞድሴት የሚለውን አማራጭ መጨመር ይመክር ስለነበር እንደዚያው አድርጌያለሁ።

ብዙ ቦታ ያገኘሁት ምክር ኤክስራንድአር በሚባለው ትእዛዝ አዲስ ሪዞሉሽን ፈጥሮ በግድ መጫን ነው። ከመሞከሬ በፊት ግን ይህ ትክክለኛው መንገድ መሆኑን ከሚያውቅ ሰው መስማት እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ከርነል አንባቢ

ጤና ይስጥልን። በግድ ወደ መጫኑ አሁኑኑ ባይገቡ ይሻላል፤ የጠቀሷቸው ምልክቶች አንድ ላይ ሲታዩ ችግሩ ከሪዞሉሽን ዝርዝሩ በታች ያለ መሆኑን ያመለክታሉ። በዝርዝሩ ውስጥ አንድ ምርጫ ብቻ መኖሩ፣ ሁለተኛው ሞኒተር አለመታየቱና የቪዲዮው ሸክም በፕሮሰሰሩ ላይ መውደቁ፣ ሦስቱም የግራፊክሱ ድራይቨር (ካርዱን ከሲስተሙ ጋር የሚያሠራው ፕሮግራም) ሥራ አለመጀመሩን የሚናገሩ ናቸው።

ምክንያቱን ላስረዳ። ከ2009 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ማለትም ከከርነል (የሲስተሙ እምብርት ከሆነው ፕሮግራም) 2.6.29 እትም ወዲህ፣ የስክሪኑን ሪዞሉሽን የመምረጥና የማዘጋጀት ሥራ ወደ ከርነሉ ገብቷል፤ ቀድሞ ይህ መስኮቶችን በስክሪኑ ላይ የሚያሳየው የኤክስ ሰርቨር ሥራ ነበር። የኢንቴልና የኤኤምዲ ድራይቨሮች፣ እንዲሁም ለኤንቪዲያ ካርዶች የሚያገለግለው ኑቮ የተባለው ድራይቨር፣ ሁሉም በዚህ አሠራር ላይ የቆሙ ናቸው። ኖሞድሴት የሚለው አማራጭ ደግሞ ለከርነሉ "ይህን ሥራ አትሥራ" የሚል ትእዛዝ ስለሆነ እሱ እስካለ ድረስ ድራይቨሩ ካርዱን አይረከብም። በዚያን ጊዜ ሲስተሙ የሚያገኘው ፋየርምዌሩ (በኮምፒውተሩ ቦርድ ላይ ያለው መነሻ ሶፍትዌር) ኮምፒውተሩ ሲነሣ ያዘጋጀለትን አንድ የምስል ሰሌዳ ብቻ ነው። የዚያን ሰሌዳ ስፋት መቀየር አይችልም፣ ሌላ ሶኬት መክፈት አይችልም፣ የካርዱን የማፍጠኛ ክፍልም መጠቀም አይችልም። ስለዚህ የሦስት ገጽታ ሥዕሉ ሁሉ ኤልኤልቪኤምፓይፕ በሚባል ሶፍትዌር አማካይነት በፕሮሰሰሩ ላይ ይሰላል፤ ማራገቢያዎ የሚጮኸውም ለዚህ ነው።

አማራጩ ራሱ መጥፎ አይደለም። መጫኛው በማያውቀው ካርድ ላይ ስክሪኑ ጠቁሮ ሲቀር መጫኑን ለማጠናቀቅ ያስችላል። ይሁን እንጂ አንዳንድ መጫኛዎች በመነሻው መስመር ላይ የተጨመረውን አማራጭ ወደተጫነው ሲስተም ስለሚገለብጡት ጊዜያዊው መፍትሔ ቋሚ ሆኖ ይቀራል። መመሪያዎች አማራጩን ሲመክሩ ከተጫነ በኋላ መወገድ እንዳለበት አብረው አለመጻፋቸው ያሳዝነኛል፤ የብዙ አዲስ ተጠቃሚዎችን የመጀመሪያ ቀን የሚያበላሸው ይህ ነው።

በግምት ላለመሄድ ሁለት ነገር ይመልከቱልኝ። ትእዛዞቹን በአነባበባቸው እጽፋቸዋለሁ፤ በተርሚናሉ ላይ በላቲን ትንንሽ ፊደላት ይጻፋሉ። በመጀመሪያ ኤልኤስፒሲአይ የሚለውን ትእዛዝ ከሰረዝና ከኬ ፊደል ጋር ይስጡና ቪጂኤ ኮምፓቲብል ኮንትሮለር ከሚለው መስመር ሥር በሥራ ላይ ያለውን የከርነል ድራይቨር የሚገልጽ መስመር መኖሩን ይዩ። ለኢንቴል ግራፊክስ እዚያ መገኘት ያለበት አይ915 ነው፤ በጣም አዳዲስ በሆኑት ላይ ኤክስኢ ሊሆን ይችላል። በሁለተኛ ደረጃ በፕሮክ ማውጫ ውስጥ ያለውን ሲኤምዲላይን የተባለ ፋይል በካት ትእዛዝ ያንብቡ፤ ከርነሉ አሁን የተነሣባቸው አማራጮች ሁሉ በአንድ መስመር ተጽፈው ያገኟቸዋል።

አዲስ ገቢ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እንዳሉት አደረግሁ። በግራፊክሱ መስመር ሥር አይ915 የሚለው ስም የሚገኘው ሊጫኑ ከሚችሉ ሞጁሎች (የከርነሉ ተጨማሪ ክፍሎች) ተርታ ብቻ ነው፤ በሥራ ላይ ያለውን ድራይቨር የሚገልጸው መስመር ጨርሶ የለም። በሲኤምዲላይን ፋይሉ መጨረሻ ላይ ደግሞ ኖሞድሴት ተጽፎ ይገኛል። ላጠፋው ዝግጁ ነኝ፤ የምፈራው ካጠፋሁት በኋላ ስክሪኑ ጠቁሮ ሲስተሙን መክፈት እንዳይሳነኝ ነው።

መልስ፦ ከርነል አንባቢ

ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ምንም ነገር በቋሚነት ሳይቀይሩ ለአንድ ጊዜ ብቻ ይሞክሩት። ኮምፒውተሩን እንደገና ሲያስነሡ የግረብ (ሲስተሙን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ዝርዝር እንዲወጣ ያድርጉ፤ በዩኢኤፍአይ የሚነሣ ከሆነ ኢስኬፕ፣ በቀድሞው ባዮስ ከሆነ ሺፍት መጫን ነው። የሚያስነሡት መስመር ላይ ቆመው የኢ ፊደልን ሲጫኑ የመነሻው ጽሑፍ ለእርማት ይከፈታል። ሊኑክስ በሚለው ቃል የሚጀምረውን ረጅም መስመር ይፈልጉ፣ መጨረሻው አካባቢ ያለውን ኖሞድሴት ብቻ ያጥፉ፣ ሌላውን አይንኩ፤ ከዚያም ኤፍ10 ይጫኑ። ይህ እርማት በዲስኩ ላይ ስለማይጻፍ ስክሪኑ ቢጠቁር እንኳ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት ወደ ነበረበት ይመልስዎታል።

ሪዞሉሽኑ ከተስተካከለ ቋሚውን እርማት በኢቲሲ ማውጫ ውስጥ ዲፎልት በሚባለው ንኡስ ማውጫ ሥር ባለው ግረብ በሚባል ፋይል ላይ ያድርጉ። ፋይሉን ከመንካትዎ በፊት ቅጂውን ያስቀምጡ። ሲኤምዲላይን ሊኑክስ ዲፎልት የሚል ቃል ያለበትን መስመር ያገኙና በትእምርተ ጥቅሱ መካከል ካሉት ቃላት ኖሞድሴትን ብቻ አውጥተው ያስቀምጡ፤ ቀጥሎም አፕዴት ግረብ የሚለውን ትእዛዝ፣ በሁለቱ ቃላት መካከል ሰረዝ አድርገው፣ በሱዱ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) ይስጡ። ይህን የመጨረሻ ትእዛዝ የሚዘነጉ ሰዎች ፋይሉ ተስተካክሎ ሳለ ሲስተሙ በአሮጌው መስመር እየተነሣ ይቸገራሉ።

መልስ፦ ሌላ ተመልካች

ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ተመሳሳይ ምልክት እያዩ በሲኤምዲላይን ፋይላቸው ውስጥ ኖሞድሴትን ለማያገኙ ሰዎች ነው። የኤንቪዲያ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ላይ የአምራቹን ድራይቨር ከጫኑ በኋላ ሪዞሉሽኑ ዝቅ ብሎ ከቀረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ሶፍትዌር እንዳይነሣ የሚከለክለው ጥበቃ) ነው። ሴኪዩር ቡት በሥራ ላይ ሲሆን ከርነሉ ፊርማ የሌለውን ሞጁል አይቀበልም፤ በኮምፒውተሩ ላይ የሚገነባው ሞጁል ደግሞ የሚፈረመው እዚያው በተፈጠረ ቁልፍ ነው። ስለዚህ ያ ቁልፍ አስቀድሞ መመዝገብ አለበት። ድራይቨሩ ሲጫን አንድ የይለፍ ቃል እንዲያወጡ ይጠየቃሉ፣ ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሣም ሰማያዊ ገጽ ይመጣል፤ እዚያ ላይ ቁልፉን ማስመዝገብ የሚለውን መርጠው ያንን የይለፍ ቃል ማስገባት ነው። ያ ገጽ የሚጠብቀው 10 ሰከንድ ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው ምን እንደሆነ ሳይገባው ያልፈዋል፤ ሲያልፈው ቁልፉ ሳይመዘገብ ይቀራል። ሞድፕሮብ በሚለው ትእዛዝ ሞጁሉን በእጅ ለመጫን ሲሞክሩ ቁልፉ ተቀባይነት እንዳላገኘ የሚናገር መልእክት ካዩ ነገሩ ይህ ነው።

በኤኤምዲ ካርዶች ላይ ደግሞ የተለመደው ምክንያት ካርዱ ራሱ የሚፈልጋቸው የፋየርምዌር ፋይሎች መጉደል ነው። ደቢያን እስከ 11ኛው እትሙ ድረስ ነጻ ያልሆኑ ፋየርምዌሮችን በመደበኛው መጫኛ ውስጥ አያካትትም ነበር፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ከወጣው 12ኛው እትም ጀምሮ ግን ራሱን የቻለ ክፍል ተከፍቶላቸው ከመጫኛው ጋር አብረው ይመጣሉ። ዲመሴጅ የሚለውን ትእዛዝ በሱዱ ሰጥተው በውጤቱ ውስጥ ፋየርምዌር መጫን አልተቻለም የሚል መስመር ከተገኘ የጎደለውን ጥቅል መጫን በቂ ነው።

አዲስ ገቢ

ለአንድ ጊዜ ሞክሬ ስለሠራ ቋሚውን እርማት አድርጌያለሁ። ዋናው ሞኒተር አሁን በ1920 በ1080 ይነሣል፣ ፊደሎቹ ጠርተዋል፣ ቪዲዮም ያለ ጩኸት ይሄዳል፤ ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛው ሞኒተርም አሁን ይታያል፤ ይሁንና የሚሰጠኝ ከፍተኛ ምርጫ ያው 1024 በ768 ነው፣ በማሳያ ቅንብሩም ላይ በሞኒተሩ ስም ፈንታ የማይታወቅ ማሳያ ይላል። ድራይቨሩ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ይህ ለምን እንደሚሆን አልገባኝም።

መልስ፦ የኬብል ጠጋኝ

ይህኛው ከመጀመሪያው የተለየ ችግር ነው፤ የቁጥሩ መመሳሰል አያሳስትዎ። ማንኛውም ሞኒተር ስለ ራሱ የሚናገር ኢዲአይዲ የሚባል 128 ባይት የሆነ መረጃ በውስጡ ይይዛል፤ አንዳንዱ ተጨማሪ 128 ባይት ይቀጥልበታል። አምራቹ ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደተሠራ፣ የትኞቹን ሪዞሉሽኖች እንደሚቀበልና የትኛውን እንደሚመርጥ ከዚያ ይነበባል። ድራይቨሩ ይህን መረጃ ማንበብ ሲያቅተው ሞኒተሩን እንዳያበላሽ በጥንቃቄ ከ1024 በ768 የማያልፉ መደበኛ ምርጫዎችን ብቻ ያቀርባል። ስሙን አለማወቁም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ስሙ የሚገኘው እዚያው መረጃ ውስጥ ነውና።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሲስ በሚባለው ማውጫ፣ ክላስ በሚለው ሥር፣ ዲአርኤም ውስጥ ሲገቡ ለእያንዳንዱ ሶኬት አንድ አንድ ማውጫ ያገኛሉ፤ የካርዱን ቁጥርና የሶኬቱን ስም ይዘዋል። በየማውጫው ውስጥ ኢዲአይዲ የሚል ፋይል አለ። የፋይል ዝርዝር ሲያወጡ መጠኑ ሁልጊዜ 0 ስለሚል በዚያ አይመኑ፤ ደብልዩሲ የሚለውን ትእዛዝ ከሰረዝና ከሲ ፊደል ጋር ሰጥተው ባይቱን ያስቆጥሩት። ለኤችዲኤምአይው 128 ወይም 256 ይመጣል፤ ለዲስፕሌይፖርቱ 0 ከመጣ መረጃው በመንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

መንገዱን ደግሞ እንይ። የቪጂኤ መሰኪያ 15 እግሮች በሦስት ረድፍ ተሰልፈውበታል። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለማቱ በመጀመሪያዎቹ ሦስት እግሮች ይሄዳሉ፤ ኢዲአይዲው የሚነበበው ግን በ12ኛውና በ15ኛው እግር ነው፤ 12ኛው መረጃውን ያመላልሳል፣ 15ኛው ምቱን ይጠብቃል። ሁለቱም ያሉት በሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ምስሉ ያለ አንዳች እንከን ይተላለፋል፣ ሞኒተሩ ግን ስለ ራሱ መናገር አይችልም። ለዚህ ነው ምስል ከመጣ ኬብሉ ደህና ነው ብሎ መደምደም የማይቻለው። ኬብሉን ነቅለው እግሮቹን በጥሩ ብርሃን ይመልከቱ። 9ኛው እግር፣ ማለትም በመካከለኛው ረድፍ ላይ ያለው አንዱ፣ ባዶ ቢሆን አያስደንግጥዎ፤ ብዙ ኬብሎች ያለ እሱ ይሠራሉ። የታጠፈ ወይም ወደ ውስጥ የገባ እግር ካለ ግን ምክንያቱን አገኙት። እግሮቹ ሁሉ ደህና ከሆኑ አዳፕተሩን ለጊዜው አስወጥተው፣ ሞኒተሩ ሌላ ሶኬት ካለው በዚያ ያገናኙት፤ በዚያ መንገድ ኢዲአይዲው ከተነበበ ጥፋቱ የአዳፕተሩ ነው።

አዲስ ገቢ

የባይቱ ቁጥር እንዳሉት ነው፤ ለኤችዲኤምአይው 256፣ ለዲስፕሌይፖርቱ 0 መጣ። የቪጂኤ ኬብሉን ነቅዬ ሳየው በሦስተኛው ረድፍ ከዳር ሁለተኛው እግር ተጋድሞ ከፕላስቲኩ ጋር ተጣብቋል። በቀጭን ነገር ላቀናው ስሞክር ከሥሩ መነቃነቅ ስለጀመረ ተውኩት። ሌላ ኬብል እስካገኝ ድረስ በ1680 በ1050 እየሠራሁ ልቆይበት የምችልበት መንገድ አለ?

መልስ፦ ከርነል አንባቢ

አለ፤ በመጀመሪያ ያነሡት በግድ የመጫን ምክር ቦታው እዚህ ነው። ድራይቨሩ በሥራ ላይ ነው፣ የሞኒተሩን ትክክለኛ ሪዞሉሽን እርስዎ ያውቁታል፣ የጎደለው ያንን ለድራይቨሩ የሚነግረው ብቻ ነው።

አስቀድመው የሚሠሩበት ክፍለ ጊዜ ኤክስ ይሁን ዌይላንድ (የኤክስ አዲስ ተተኪ) ይለዩ፤ በመግቢያው ገጽ ላይ ተጠቃሚዎን ከመረጡ በኋላ የሚታየው ጥርስ ያለው የመንኮራኩር ምልክት ይህን ያሳያል። በዌይላንድ ላይ ኤክስራንድአር አዲስ ሪዞሉሽን መጨመር አይችልም፤ ትእዛዙን ቢሰጡ ስሕተት ይመልሳል ወይም ምንም አይለወጥም። በኤክስ ላይ ከሆኑ ግን ሲቪቲ የሚለውን ትእዛዝ 1680፣ 1050 እና 60 ከሚሉት ቁጥሮች ጋር ሲሰጡ በሞድላይን የሚጀምር አንድ መስመር ያወጣልዎታል። በዚያ መስመር ውስጥ የመጀመሪያው ቁጥር 146.25 ነው፤ ይህ በሰከንድ የሚላኩት ፒክስሎች ብዛት በሚሊዮን ሲሆን የሚገኘውም ከዳርና ከዳር ያለው ባዶ ጊዜ ሲጨመር የአንዱ መስመር ርዝመት 2240፣ የመስመሮቹም ብዛት 1089 ስለሚሆን፣ ይህም በሰከንድ ወደ 60 ጊዜ ያህል ስለሚደጋገም ነው። መስመሩን በኤክስራንድአር ኒውሞድ አማራጭ ያስመዘግባሉ፣ በአድሞድ አማራጩ ከሶኬቱ ጋር ያገናኙታል፣ በመጨረሻም ያንን ሞድ ለሶኬቱ ይመርጣሉ።

እኔ ግን ለእርስዎ የምመርጠው የከርነሉን መንገድ ነው፤ በኤክስም በዌይላንድም እኩል ይሠራል፣ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥርም መድገም አያስፈልገውም። ቀደም ሲል ባረሙት የግረብ መስመር ላይ ቪዲዮ የሚለውን ቃል፣ የእኩል ምልክት፣ በዲአርኤም ማውጫው ውስጥ ያዩትን የሶኬት ስም ያለ ካርዱ ቁጥር፣ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያም 1680 እና 1050ን በመካከላቸው የኤክስ ፊደል አግብተው፣ በመጨረሻም የአት ምልክትና 60ን ያለ ክፍተት አያይዘው ይጻፉ። አፕዴት ግረብን አይርሱ።

መልስ፦ የኬብል ጠጋኝ

ይህን የሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ቁጥሮቹን እንዳሉ ወስደው 1920 በ1080 ለሆነ ሞኒተር እንዳይሠሩባቸው አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ለዚያ ሪዞሉሽን ሲቪቲ ብቻውን ሲሰጥ የሚያወጣው የፒክስል ፍጥነት 173 ሜጋኸርዝ ነው። ባለ አንድ መስመር ዲቪአይ የሚሸከመው እስከ 165 ሜጋኸርዝ ድረስ ስለሆነ በዲቪአይና በቀደሙት የኤችዲኤምአይ ሶኬቶች ላይ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ሰውም ካርዱ አይችልም ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ለሲቪቲ ሰረዝና አር ሲጨመርለት ባዶው ጊዜ ስለሚያጥር ያው ምስል በ138.5 ሜጋኸርዝ ይሄዳል። አሮጌ ባለ ቱቦ ሞኒተር ካልሆነ በስተቀር ይህን መጠቀም ይሻላል።

ለጠያቂው ደግሞ፦ አዲሱ የቪጂኤ ኬብል ሲመጣ መጀመሪያ የኢዲአይዲውን ባይት እንደገና ያስቆጥሩ። 128 ካለ አሁን የጨመሩትን የቪዲዮ አማራጭ ከግረብ መስመሩ ያውጡት። እሱ እዚያ ከቀረ ወደፊት በዚያ ሶኬት ላይ ሌላ ሞኒተር ሲያገናኙ ከርነሉ አሁንም 1680 በ1050ን ማስቀደሙን ይቀጥላል።